እንጉዳዩን «መድኃኒት» ብለን ከመሸጣችን በፊት

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በጭድ ላይ የምናሳድገው የምግብ እንጉዳይ ትርፉ አነስተኛ ስለሆነ፣ በውጭ አገር «የመድኃኒት እንጉዳይ» የሚባለውን አሳድገን፣ ፈጭተንና ከቡና ጋር ቀላቅለን እንሽጥ የሚል ነው። ሐሳቡ ከቁጠባችን ገንዘብ የሚያስወጣ ነው። ስለዚህ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንመልስ፤ የምንሸጠው ነገር ሰው እንደማይጎዳ በምን እናውቃለን?

«የተፈጥሮ ነገር ምን ያደርጋል?» ሲባል ሰምቻለሁ። እናቶቻችን ግን እንዲህ አይሉም ነበር። ኮሶም የተፈጥሮ ነው። ሆኖም ልኩን ሳያውቁ አያጠጡም፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጡም። ዛሬ «ምርመራ» የምንለው ያንኑ ጥንቃቄ በሚዛንና በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ ልስጣችሁ። ታይዋን ውስጥ አንትሮዲያ ካምፎራታ የሚባል ፈንገስ አለ። በዱር የሚበቅለው የቀረፋ ዘመድ በሆነ፣ በዚያች ደሴት ብቻ በሚገኝ ዛፍ ግንድ ውስጥ ነው። ሕዝቡም ለመድኃኒት ሲጠቀምበት ኖሯል። ዛፉ እየተመናመነ፣ ፈንገሱም እየተወደደ ሲሄድ አምራቾች በፋብሪካ ያሳድጉት ጀመር። ብዙ ጊዜ የሚያሳድጉት ግን ከዛፉ የሚለቀመውን ፍሬ ሳይሆን ማይሲሊየም የሚባለውን ክር መሰል አካሉን ነው። እኛም በጭዳችን ውስጥ የሚሰራጨውን ነጭ ክር እናውቀዋለን፤ እንደዚያ ያለ ማለት ነው። ክሩና ፍሬው በውስጣቸው የያዙት ንጥረ ነገር አንድ አይደለም። ስለዚህ የዱሩ ፍሬ ለዘመናት መወሰዱ ለፋብሪካው ክር ምስክር ሊሆን አይችልም። ክሩ ራሱ መመርመር ነበረበት።

እንዲህ ያለ ምርመራ ደረጃ በደረጃ ይካሄዳል። በመጀመሪያ ዘረመልን ይጎዳ እንደሆነ በባክቴሪያ ላይ ይፈተሻል። ቀጥሎ በሕዋሳት ላይ ክሮሞሶም ይሰብር እንደሆነ ይታያል። ከዚያ አይጦች ለ90 ቀናት በየዕለቱ እንዲወስዱት ይደረግና ክብደታቸው፣ ደማቸው፣ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ይመረመራል። በዱቄቱ ውስጥም እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አፍላቶክሲንና በሽታ አምጪ ጀርሞች ይፈለጋሉ፤ እንጉዳይ ከሚያድግበት ነገር ውስጥ ብረታ ብረት ይስባልና።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2022 እ.ኤ.አ. በዚህ ፈንገስ የክር ዱቄት ላይ አስተያየቱን አወጣ። አይጦቹ ሳይጎዱ የወሰዱት መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን 3,300 ሚሊግራም ነበር። ባለሙያዎቹ ግን ይህን እንዳለ ለሰው አልፈቀዱም፤ ለ200 አካፈሉት። ሰው አይጥ አይደለም፤ ሰውና ሰውም አይመሳሰልም፤ 90 ቀንም ዕድሜ ልክ አይደለም። የቀረው 16.5 ሚሊግራም ነው። ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 990 ሚሊግራም ማለት ነው፤ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። እሱም ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይደለም።

እህቶቼ፣ ልብ በሉልኝ። ይህ ሁሉ ድካም የሚመሰክረው ለዚያ ፈንገስ፣ በዚያ መንገድ ላደገው፣ በዚያ መጠን ለሚወሰደው ብቻ ነው። ሌላ ዝርያ በሌላ እህል ላይ ያሳደገ ሰው ያንን ወረቀት ይዞ ገበያ ሊወጣ አይችልም። ደግሞም ወረቀቱ «አይጎዳም» ይላል እንጂ «ይፈውሳል» አይልም። ከመካከላችን የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። አንዲት ጎረቤታችን የእኛን ቡና አምና ኪኒኗን ብታቆም፣ ያገኘነው ትርፍ ምን ያደርግልናል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የምናውቀውን የምግብ እንጉዳይ በምግብነቱ እያሳደግን እንሽጥ፤ ማሸጊያው ላይም የፈውስ ቃል አንጻፍ። የመድኃኒት እንጉዳይ ዘር ወይም ዱቄት ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ካለ ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ የተመረመረው ይኸው ራሱ ነው ወይስ ስሙ የሚመሳሰል? በቀን ስንት ግራም ይወሰዳል? ለነፍሰ ጡር፣ ለሚያጠቡና ለልጆች ምን ተባለ? መልሱን በጽሑፍ ካመጣ፣ ወረቀቱን ይዘን ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሄደን እናማክር። ከዚያ በፊት ከቁጠባችን አንድ ብር አይውጣ።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። አዲስ ምርት እንድንጀምር ስታበረታቱን፣ የማሽኑን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የላቦራቶሪውንም ዋጋ አብራችሁ አስቡልን።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ስማችን ከቁጠባችን ይበልጣልና እንጠንቀቅለት።