ስም ዝርዝሩን እናንብብ



ፊደል ቆጠርን፤ ማንበብም ጀመርን። ታዲያ ምን እናንብብበት? እኛ ልናስተምራችሁ የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የድኻ ስም ዝርዝር ነው።

በ1995 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እርዳታ ፈለገ። ያን ጊዜ እርዳታ በየዓመቱ ይለመን ነበር። እህሉም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ነው። ይህን ለማስቀረት በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም በገጠር ተጀመረ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ተመሳሳዩ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች 10 ከተሞች መጣ። ቀራንዮ ገጠርና ከተማ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ስለዚህ ነገሩ በሁለቱም በኩል ይመለከተናል። የገጠር ዘመድ አለን፤ የከተማ ድኻ ጎረቤትም አለን።

የገጠሩ አሠራር እንዴት ነው? ጉልበት ያለው ሰው እርከን ይሠራል፤ ኩሬ ይቆፍራል፤ መንገድ ይጠርጋል፤ ክፍያ ያገኛል። ጧሪ የሌለው ሽማግሌና በሽተኛ ግን ሳይሠራ ይረዳል። ድኻውን የሚለየው የሕዝብ ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ ያውቃላ! ነገር ግን ጎረቤት ዘመድም አለው፤ የተቀየመው ሰውም አለው። ስለዚህ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት እንዲነበብና እንዲለጠፍ መመሪያ ወጣ።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። ፕሮግራሙ ሲጀመር የአንድ ቀን ክፍያ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ነበር። ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን ይታሰባል። 3 ሲባዛ በ5፣ 15 ኪሎ ነው። ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች አምስት ነፍስ ናቸው፤ 75 ኪሎ ይገባቸዋል። በመዝገቡ አራት ተብሎ ቢጻፍስ? 60 ኪሎ ይሆናል። የአንድ ልጅ ቀለብ በአንዲት ቁጥር ጠፋ ማለት ነው። ክፍያው በየጊዜው ቢለወጥም ስሌቱን ማወቅ ይጠቅማል። ማንበብ የማይችል ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል እንጂ ምን ላይ እንዳተመ በምን ያውቃል?

ዱሮ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረትም አለን። እነዚህን ተረቶች ልጆቻችን ባይወርሱ ይሻላል። የእርዳታ እህል የሹም ስጦታ አይደለም። ሹሙ አከፋፋይ ነው፤ አከፋፋይም ይጠየቃል። በአሠራሩ መሠረት ቅሬታ የሚሰማው ሌላ ኮሚቴ እንጂ ስም የመረጠው ኮሚቴ አይደለም። ለምን ቢባል፣ ከሳሽ በተከሳሹ ፊት ዳኝነት አያገኝም።

አንዳንዱ «ዛሬ ብናገር ነገ ስሜን ይሰርዙታል» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ አንድ ሰው ለብቻው ሲጮኽ ቂም ይያዝበታል። አሥር ሆኖ የሚጠይቀውን ግን ማን ችሎ ይሰርዘዋል? ስለዚህ አብረን እንሂድ። ቅሬታውን ቀን ጽፈንበት፣ በስማችን ፈርመን እንስጥ፤ አንዱን ግልባጭ እኛ ዘንድ እናስቀር።

እኛስ ንጹሕ ነን ወይ? ጎተራው ሙሉ ሆኖ ድኻ ነኝ ብሎ የተመዘገበ ሰው የወሰደው ከመንግሥት አይደለም። አጠገቡ ካለችው ባል ከሞተባት ሴት ማዕድ ላይ ነው። እሱንም በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት መናገር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ቀርበን እነዚህን እናንብብ፦ ስማችን አለ ወይ? የቤተሰቡ ቁጥር ልክ ነው ወይ? ክፍያው ስንት ነው? ከእኛ የባሰው ጎረቤታችንስ ተጽፏል ወይ? ማንበብ ላልቻሉትም ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብላቸው። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።