በስልክ የሚሰማውና የማይሰማው

(በመጠበቂያ ክፍላችን ለወላጆች ከተሰጠ የጤና ትምህርት)



ሰሞኑን «ሲስተር፣ በኮሮና ጊዜ ልጆቻችንን በስልክ ታዩልን ነበር፤ ዛሬስ ለምን ይህን ያህል ወረፋ እንጠብቃለን?» የሚል ጥያቄ በርክቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ያኔ ስልክ ከሚያነሱት አንዷ ስለነበርኩ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

እንደሚታወሰው የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ ክሊኒኩ እንዳይጨናነቅ በማለት፣ ልጅ የታመመባት እናት ከመምጣቷ በፊት እንድትደውል አደረግን።

አንድ ቀን የ4 ወር ልጇን ሳል የያዘባት እናት ደወለች። «ጉንፋን ነው ሲስተር፣ ደህና ነው» አለችኝ። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ ልብሱን ገልጣ፣ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር «እህ» እንድትለኝ ነገርኳት። ሰዓቴን እያየሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። 62 ሆነ! ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 ነው፤ ቁጥሮቹን ያዙልኝ። «አሁኑኑ ይዘሽው ነይ» አልኳት። መጣች፤ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ዳነ። ስለዚህ ስልክን አልንቅም።

ነገር ግን ስልክ አይመዝንም፤ አይከትብም። በዚያው ሰሞን ሌላ እናት ልጇ 9 ወር ሞልቶት የኩፍኝ ክትባቱ ቀን መድረሱን ነግራኝ «ልምጣ ወይስ ልቆይ?» አለችኝ። እኔም «ትንሽ ይረጋጋ» አልኳት። በቅንነት ነው፤ ግን ተሳስቼ ነበር። ልጁ የተከተበው በ14 ወሩ ነው። እስከዚያ ኩፍኝ ያልያዘው ዕድሉ ሆኖ እንጂ በኔ ምክር አይደለም። ወረርሽኙ ሳያልፍ፣ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በተጀመረው አገር አቀፍ የኩፍኝ ዘመቻ፣ ባለሙያዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ከትበዋል። መከተብ ይቻል ነበር ማለት ነው።

ሌላም የታዘብኩት አለ። ስልኩ ብዙ ጊዜ በአባትየው ኪስ ነው። (አባቶች፣ አትቀየሙኝ!) እናት ልጇን ስታስመዝን ስለ ሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ጠጋ ብላ ትጠይቀኛለች። በባሏ ስልክ፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ይህን አታነሳም። የልጁ ቀጠሮ ሲቀር የእናትየውም ቀጠሮ አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሳያስቡት አርግዘው የመጡ እናቶችን እዚሁ ክፍል ተቀብያለሁ።

ስለ ቀጠሮ ለመጠየቅ፣ ስለ ኦ.አር.ኤስ አበጣጠስ ለመረዳት (አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ መሆኑን አትርሱ) ደውሉልን። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ከፈዘዘ ግን ስልክ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ።

አሁን የክትባት ካርዳችሁን አውጡልኝ። ቀን ያለፈባችሁ ካላችሁ ማንም አይቆጣችሁም፤ ከእናንተ እንጀምራለን።