በእጃችን ያለው ወርቅ
(ስለ መናፈሻና ስለ ወንዛችን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ይህ ተረት ለእኛ ለጎባና ለሮቤ ሰዎች የተተረተ ይመስለኛል። የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የሚያየውን ሰነቴን፣ እዚሁ ጎባ ተወልዶ ያደገ ልጅ አላየውም። እስቲ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው!

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሰነቴን አቋርጦ ያልፋል። ከመንገዱ አጠገብ የምናየው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ከዚያ ሲወረድ የሐረና ደን ነው። በሮቤ በኩል ዲንሾ ብንሄድ ደግሞ የደጋ አጋዘን፣ ድኩላና ከርከሮ በጥድና በኮሶ ዛፍ ሥር ሲዘዋወሩ እናያለን።

ታዲያ የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መኪና በመዋጮ ተከራይተን ልጆቹን እንውሰድ። ማልደን እንነሣ፤ ጋቢና ካፖርት እንያዝ። ሰነቴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ልጆቹ እንዳይሮጡ እንምከራቸው። የመግቢያውን ክፍያም አስቀድመን እናጣራ።

ሁለተኛው ነገር የራሴን ጥፋት የሚነካ ነው። ባለፈው ዓመት ልጆቼን ይዤ ስወጣ አንድ ቀይ ቀበሮ አየን። ፍልፈል ሊይዝ መሬት ላይ ተለጥፎ ሲያደባ ትንሹ ልጄ ትንፋሹን ውጦ ያይ ነበር። ኦሮምኛው «ጀዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። በዓለም ላይ የቀረው አምስት መቶ ያህል ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ የሚገኘው በእኛ ባሌ ነው። ማታ ቤት ስንደርስ የገዛ ውሻዬ በር ላይ ተቀበለኝ። ያልታሰረ፣ ያልተከተበ!

በ1984 ዓ.ም.፣ በ1996 ዓ.ም.ና በ2001 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ፈጅቷቸዋል። በ1996ቱ ብቻ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል አልቀዋል። በሽታው የሚተላለፍባቸው ከቤት ውሻ ነው። የከተማው ውሻ ከእረኛው ውሻ ጋር ገበያ ላይ ይነካከሳል፤ የእረኛው ውሻ ከብቱን ተከትሎ ደጋ ይወጣል። በሽታው መጀመሪያ የሚያገኘውም የእኛኑ ልጆች እንጂ ቀበሮውን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ውሻ ያለን ሁሉ በየዓመቱ እናስከትብ፤ ወደ ተራራው ስንወጣም ውሻ አናስከትል። እኔ የእኔን አስከትቤአለሁ።

ሦስተኛው ወንዛችን ነው። ቶጎና ከተራራው ሲወርድ ንጹሕ ነው፤ የሚቆሽሸው እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ እናቶች ልብስ የሚያሰጡበት ሣር ዛሬ በፌስታልና በሃይላንድ ተሞልቷል። «ውሃው ይወስደዋል» እንላለን። ወዴት? የባሌ ወንዞች እኮ ከእኛ በታች የሚጠጣቸው ሰው አለ። ዌብ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ ቆላ ወርዶ፣ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል። የላይኛው ሰው ያቆሸሸውን የታችኛው ይጠጣዋል።

መናፈሻ ይሠራልን እያልን ስንጠይቅ ዓመታት አለፉ። መጠየቁ አይከፋም። ነገር ግን የወንዙን ዳር ብንጠርግ፣ ቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ብንቆፍርለትና ኮሶና ጥድ ብንተክልበት፣ መናፈሻው ተሠራ ማለት እኮ ነው! ባሕር ዛፍ ግን ከወንዝ ዳር ይቅር፤ ውሃ ይመጣል።

በወር አንድ እሑድ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው፣ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ይውጣ። ሽማግሌ ለመሥራት ባይችል ተቀምጦ ይመርቅ፤ ቡናውን እኛ ቤት እናፈላለን። ልጆቹ ሲሠሩ ካዩን ነገ አይጥሉበትም።

ሐሳቤ ይኸው ነው። የምትስማሙ ለማኅበሩ ጸሐፊ ስማችሁን አስመዝግቡ።