«ዲናውንስ» ስለሚባለው ቃል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «ዲናውንስ» ይባላል። መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ትርጉሙን «አወገዘ» የሚል ያገኛል፤ እኛም በየስብሰባው «እናወግዛለን» እያልን እጃችንን ስናነሣ ይህንኑ ቃል መተርጐማችን ነው። ነገር ግን ቃሉ አንድ ሳይሆን ሦስት ሥራ አለው፤ ሦስቱን ያልለየ ሰው በአንደኛው ስም ሌላውን ሊሠራ ይችላል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን የመነሻው ሐሳብ ማስታወቅ፥ መልእክት ማድረስ ነው። ማስታወቂያ መናገርን የሚያመለክተው «አናውንስ» የሚለው ቃል ወንድሙ ነው። እንግዲህ ሰውን በልብ መጥላት ዲናውንስ አይባልም፤ አንደበት ተከፍቶ ሰሚ ሲያገኝ ነው እንጂ።

የመጀመሪያው ሥራው ክፉ ነው ያሉትን ነገር በአደባባይ ማውገዝ ነው። ለዚህ ከአቡነ ጴጥሮስ የሚበልጥ ምሳሌ የለንም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ሹማምንት አርበኞችን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ጠየቋቸው። እርሳቸውም አርበኞችን ማውገዙን እንቢ ብለው ለጠላት የሚገዛውን አወገዙ፤ ሐምሌ 22 ቀንም በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የውግዘታቸውን ዋጋ የከፈሉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ሥራው የሕግ ነው፤ ይኸውም ውል መፍረሱን ለተዋዋዩ ማስታወቅ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ለመረዳት «ይቻላቸዋል» ሲል፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ዐፄ ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት ይህን ድርጊት ሲናገሩ የሚጽፉት «ዲናውንስ» ብለው ነው። በዚህ ውስጥ እርግማን የለም፤ ምክንያትን ገልጦ ለባለ ጉዳዩ መንገር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሥራው ሰውን ለባለ ሥልጣን መጠቆም ነው። በአገራችን አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረ፤ ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ይመረመር ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ግን በየቀበሌው ስብሰባ «አጋልጡ» ይባል ነበር፤ አንድ ሰው በጠራው ስም ምክንያት ብዙ ወጣት ሳይፈረድበት ሞተ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለቋንቋ ጥናት ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በአንድ ስብሰባ ላይ የአንድ ጓደኛችን ስም ተጠራ። በመኝታ ክፍል የተነገረውን ለአስተዳደር ጠቁሟል ተባለ። ማን አየ፥ ማን ሰማ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። «እናወግዛለን» ተባለ፤ እጅ ሁሉ ወጣ፤ የእኔም እጅ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠቋሚው እርሱ አለመሆኑ ታወቀ፤ ነገር ግን እስከዚያ ድረስ አልጋውን ለውጦ፥ ምሳውን ብቻውን መብላት ጀምሮ ነበር። በሦስተኛው ጥፋት ጠርጥረነው፥ በመጀመሪያው ስም ፈረድንበት።

እኔ የተወለድሁት በምሥራቅ ጎጃም፥ በሮብ ገበያ ነው። ልጅ ሳለሁ የአጎቴ በሬ ጠፋ። ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ፥ «በሬውን ያየ ይናገር፤ አይቶ የደበቀ የተገዘተ ይሁን፤ ያላየ ግን በሰው ላይ አይናገር» አሉ። በሬው ከገደል ወድቆ ተገኘ። በሚቀጥለው እሑድ ቄሱ በዚያው ሕዝብ ፊት ቆመው ግዝቱን ፈቱ። አጎቴም በልቡ የጠረጠረውን ጎረቤቱን ይቅርታ ጠየቀ።

እንግዲህ ትምህርት ያላቸው ሰዎች ነን የምንል እኛ ከዚያ ደብር ያነሰ ሥርዓት አለን። መግዘትን ተምረናል፤ መፍታትን አልተማርንም። ያን ጓደኛችንን ስብሰባ ጠርተን አወገዝነው፤ ስብሰባ ጠርተን ግን አልፈታነውም።

ማውገዝ ይቅር አልልም፤ ግፍ ባለበት ዘንድ ዝም ማለት አቡነ ጴጥሮስን መካድ ነው። ነገር ግን እጃችንን ከማንሣታችን በፊት፥ ሰውየው ምን አደረገ፥ ማን አየው፥ የራሱንስ ቃል ሰምተናል ወይ ብለን እንጠይቅ። ስሕተት ሆኖ ከተገኘም፥ ባወገዝንበት ቦታ ቆመን እንፍታ።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጦ ይሰማኛል። ስሙን ዳግመኛ በስብሰባ አልጠራም። ያን ቀን እጄን ማንሣቴ ግን በደል ነበረና፥ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።