ባለቤት የማይጠየቅለት ግሥ በአማርኛና በፈረንሳይኛ
(ለቋንቋ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ጉም በሸፈናት ጧት ከቆላ የወጣ እንግዳ «በረደኝ» ማለቱ አይቀርም። ይህ አንድ ቃል ለፈረንሳይኛ መምህር ትልቅ ትምህርት ይዟል። ግሡ በሦስተኛ መደብ፣ በነጠላ፣ በተባዕት ጾታ ይቆማል፤ ሆኖም ማን እንዳበረደ አይጠየቅም። ብርዱ የተሰማው ሰው የሚገለጠው በባለቤትነት ሳይሆን «ኝ» በምትለው የተሳቢ ምልክት ነው። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው።

ፈረንሳይኛም ይህን የመሰለ አነጋገር አለው። ነገር ግን በተራ ዐረፍተ ነገር ግሡ ያለ ባለቤት መቆም ስለማይሆንለት፣ «ኢል» የተባለው ተውላጠ ስም ባዶውን ስፍራ ይሞላል። «ኢል ፕለ» ይዘንባል፣ «ኢል ፎ» ያስፈልጋል ማለት ነው። በነዚህ ላይ «ኢል» «እርሱ» ተብሎ ሲተረጐም ተማሪው የሌለ ሰው ፍለጋ ይሰማራል። አማርኛ ያንኑ ሥራ በ«ይዘንባል» መነሻ ላይ ባለችው «ይ» ይፈጽመዋል። «ኢል መ ሳምብል» የሚለውማ ከ«ይመስለኛል» ጋር አካል በአካል ይገጥማል፤ «ኢል» ለ«ይ»፣ «መ» ለ«ኝ» ይቆማሉ። «ይባላል» የምንለውን ፈረንሳዮች «ኦን ዲ» ይሉታል። «ኦን» የመጣው ሰው ማለት ከሆነው «ሆሞ» ከተባለ የላቲን ቃል ነው፤ አማርኛም «ሰው ምን ይላል» ሲል የሚያመለክተው የታወቀ ሰው የለም።

ዝምድናው ግን በሁሉም ስፍራ አይሠራም። ፈረንሳይኛ ለአየሩ «ኢል ፌ ፍሯ» ሲል፣ የበረደውን ሰው ግን ባለቤት አድርጎ «ዤ ፍሯ» ያሰኘዋል፤ ቃል በቃል «ብርድ አለኝ» እንደ ማለት ነው። የእንግሊዝኛውን «አይ አም ኮልድ» የለመደ ተማሪ «ዥ ስዊ ፍሯ» ቢል፣ ስለ ጠባዩ ቀዝቃዛነት የተናገረ ይመስልበታል።

በጋሞኛ አፉን ለፈታ፣ አማርኛና እንግሊዝኛን ለጨመረ የጨንቻ ልጅ ፈረንሳይኛ አራተኛ ቋንቋው ነው። ሲሳሳት ስንፍና ተብሎ ይፈረድበታል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ብቻ የተመራበት መንገድ ነው። ስለዚህ መምህሩ «ኢል»ን በሰሌዳ ላይ ከመጻፉ አስቀድሞ፣ ተማሪው ብርድን፣ ረኃብንና ዝናብን በአፍ መፍቻ ቋንቋውና በአማርኛ እንዴት እንደሚናገር ይጠይቀው፤ መልሱንም በፈረንሳይኛው አጠገብ ይጻፍለት።