የመድረክ ልብስ ትምህርት በጠረፍ አገር



በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቴአትር ክበባት ዘንድ ልብስ ዘወትር የመጨረሻው ጉዳይ ሆኖ ይታያል። ቃለ ተውኔቱ ይጠናል፤ እንቅስቃሴው ይለመዳል፤ የወላጆች በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ልጆቹ ከየቤታቸው ካባና ነጠላ ተውሰው ይመጣሉ። እንዲህ ያለው ልብስ ገላን ይሸፍን እንደ ሆነ እንጂ ገጸ ባሕርይን አይገልጥም። የመድረክ ልብስ ትምህርት ዓላማው ስፌት ማስተማር ብቻ አይደለም። ተማሪው «ይህ ሰው ማን ነው? ከየት መጣ? በምን ሥራ ይተዳደራል? በማን ፊትስ ቆሟል?» ብሎ መጠየቅን እንዲለምድ ነው።

ለዚህ ትምህርት መነሻ የሚሆነው ዕቃ በየቤቱ ይገኛል። አንድ ነጠላ በክፍል ፊት ይቅረብ። አንዲት ተማሪ መስቀልያ ስታጣፋው ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም የምትሄድ ሴት ትሆናለች፤ ጥለቱን አዘቅዝቃ ስትለብሰው ኀዘንተኛ ትሆናለች። አንድ ተማሪ ደግሞ አደግድጎ ሲቆም በጌታው ፊት ያለ አሽከር ይመስላል። ጨርቁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውየው ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ የንድፍን ፊደል ቆጠረ ማለት ነው።

የምዕራብ ጎንደር ቆላ ለዚህ ትምህርት ሁለት ታላላቅ ርእሶችን ያቀርባል። የመጀመሪያው ቋራ፣ የካሳ ኃይሉ አገር ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት የሣሉአቸውን ዐፄ ቴዎድሮስን አልብስ የተባለ ተማሪ አስቀድሞ የሚያስበው በወርቅ የተጠለፈ ካባ ነው። ነገር ግን በዘመኑ ያዩአቸው አውሮፓውያን ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ጊዜ እንደ ወታደሮቻቸው ቀለል ያለ ልብስ ይለብሱ እንደ ነበር ጽፈዋል። ባጌጡ መኳንንት መካከል ተራ ሸማ ለብሶ የቆመ ንጉሥ ከወርቁ ይልቅ ሥልጣኑንና ጠባዩን ያሳያል። ተማሪው ከዚህ የሚማረው ልብስ ከግምት ሳይሆን ከማስረጃ እንደሚነሣ ነው።

ሁለተኛው ርእስ መተማ ናት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ በዚያ ቆስለው ሞቱ፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ ተብላ ትጠራለች። ይህን ታሪክ በመድረክ ለማሳየት የሚነሣ ክበብ የሚፈተነው ደርቡሾችን ሲያለብስ ነው። ቀላሉ መንገድ ነጭ ጀለቢያ ከገበያ ማምጣት ነው። ይሁን እንጂ ጀለቢያ ከገላባት የሚሻገረው ነጋዴ የዘወትር ልብስ ነው፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣውን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል ከገቡት መካከልም የሚለብሱት አሉ። ጠላትን በጎረቤት ልብስ ያየ ሕፃን፣ በማግሥቱ ጎረቤቱን በጠላት ዓይን ቢያይ ምን ያስደንቃል?

መፍትሔው ከታሪኩ ውስጥ ይገኛል። የመሐዲስቶቹ መለያ በቀለማት የተጣፈ ነጭ የጥጥ ጁባ ነበር። ጥፉ መጀመሪያ የድህነትና ዓለምን የመናቅ ምልክት ሲሆን፣ በኋላ በሥርዓት የሚሰፋ መለያ ሆነ። ይህን ጁባ ለማዘጋጀት ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ የሚሰበሰብ ቁራጭ ጨርቅ ይበቃል። ልብሱን የሚሰፋው ተማሪም በወዲያኛው ወገን የተሰለፈው ሰው የራሱ እምነትና ምክንያት እንደ ነበረው እየጣፈ ይረዳል።

በሥራው ረገድ መምህሩ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ ያስይዝ፤ ዕድሜው፣ ሥራው፣ አገሩና የሚወጣበት ትዕይንት ይጻፍ፤ ከዚያ ሥዕሉ፣ ቀጥሎም የጨርቁ ናሙና ይምጣ። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ወታደር ጋቢውን በዚያ ሙቀት ምን ያደርገዋል? ተብሎ ይጠየቅ። ጨዋታው በግቢ፣ በፀሐይ የሚታይ ከሆነ፣ ልብሱ ከኋለኛው መቀመጫ ላይ ሆኖ ይመርመር። እጅግ የሚያብረቀርቅ ነጭ ጥጥ በሻይ ወይም በቡና ውኃ ቢዘፈዘፍ ይደበዝዛል።

ትምህርት ቤቱ በጀት አነሰው ተብሎ ይህ ትምህርት ሊታለፍ አይገባውም። በጠረፍ የሚኖር ወጣት ሰውን ከልብሱ ለይቶ፣ ልብሱንም ከታሪኩ ጋር አገናኝቶ ማየትን ከመድረክ ከተማረ፣ ከመድረክ ሲወርድም በገበያና በመንገድ ይጠቀምበታል።