የጣሪያው ገንዘብ የት ሄደ?

ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቃል የገባሁትን ዘንድሮ ያላስገባሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ለወላጆች ይጠቅማል።

በምንኖርበት ሜሪላንድ ልጄ 60 ሰዓት ከእኔ ጋር ተለማምዶ፣ ከዚያ ውስጥ 10ሩን በምሽት፣ በ16 ዓመት ከመንፈቁ ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ አወጣ። የፈረምኩለት እኔ ነኝ። ክፍያ እንዳይጨምርብኝ ብዬ ግን ለኢንሹራንሱ አልነገርኩም። አንድ ቀን ከግንብ ጋር ተጋጨ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱ ተረፈ፤ ኢንሹራንሱ ግን «ያላስመዘገብከው ሾፌር ነው» ብሎ መኪናዬን አላሠራም አለ። የጣሪያው ገንዘብ ጋራዥ ገባ።

ወላጆች ሆይ፣ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ደውላችሁ አስመዝግቡ፤ ጎበዝ ተማሪ ከሆነም ቅናሽ ጠይቁ። 18 ዓመት እስኪሞላው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ ከሥራና ከትምህርት ጉዳይ በቀር፣ ብቻውን አይነዳም።

የጣሪያው ዕዳ አለብኝ፤ እከፍላለሁ።